አዳሪ ወይስ ተመላላሽ? ለይፋት ቆላ ወላጆች

የይፋት ቆላ ምእመናን ልጆቻቸው ስምንተኛ ክፍልን በፈጸሙ ጊዜ ለንስሐ አባቶቻቸው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ልጃችንን ከእኛ ሳንለይ በሸዋ ሮቢት በተመላላሽነት እናስተምረውን? ወይስ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሰደን አዳሪ ትምህርት ቤት እናስገባው? የሚል ነው። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጽሑፍ ባላበቃን ነበር፤ ነገር ግን የልጁን ሃይማኖትና ጠባይ የሚመለከት ስለ ሆነ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ልጅን ለትምህርት ከቤት መለየት ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓ ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ድረስ የሄደው የቆሎ ተማሪ ከእናቱ ጉያ ገና በልጅነቱ የተለየ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ ሰው አልባ አልነበረም፤ የኔታ ያዩታል፣ ታላቁ ተማሪ ይገሥጸዋል፣ መንደሩም ቁራሽ ይሰጠዋል። በዘመናዊው ትምህርትም በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪዎችን ተቀብለው ያስተምሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በቅርቡ ወላጆችን ያስጨነቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፣ ተማሪዎቻቸውን በብዛት ካሳለፉት ትምህርት ቤቶች መካከል አዳሪዎች ጐልተው ስለ ታዩ የብዙ ወላጅ ልብ ወደዚያ አዘነበለ። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች አስቀድመው በመግቢያ ፈተና የመረጡትን ልጅ የሚቀበሉ መሆናቸው መረሳት የለበትም። ምርጥ ዘር የተዘራበት ማሳ ብዙ ቢያፈራ ምስጋናው ሁሉ የማሳው አይደለም። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ አልታዘዝ ያለውን ልጅ ጠባዩ እንዲታረም ብሎ ወደ አዳሪ ይሰደዋል፤ ማረሚያ ቤት ከሆነ የሚፈልገው ሸዋ ሮቢት ራሷ አላት።

በዚህ ነገር የሐናን ታሪክ እናስተውል። ሐና ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ በሴሎ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ሳሙኤል በዚያ ቤት አድሮ አድጎ ነቢይ ሆነ። አፍኒንና ፊንሐስ ግን የዚያው ካህን ልጆች፣ የዚያው ቅዱስ ቦታ አገልጋዮች ሆነው ሳለ ጠፉ፤ አባታቸው ነውራቸውን ሰምቶ አጥብቆ አልከለከላቸውምና። እንግዲህ የቦታው ቅድስና ብቻውን ልጅን አያሳድግም። ሐናም ሰጥቼዋለሁ ብላ አልተወችውም፤ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። መደረቢያውን ለመሥራት የልጁን ቁመት ማወቅ ነበረባት፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ነው።

በይፋት ግን ከሁለቱ መንገዶች ሌላ ሦስተኛ አለ፤ ብዙ ልጅ የሚሄድበትም እርሱ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በከተማ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ወርዶ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ የማሾ ክኩን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ልጅ በስም ተመላላሽ ነው፤ በእውነት ግን ጠባቂ የሌለው አዳሪ ነው። የቆላው ወባ ሲይዘው ውኃ የሚያቀብለው የለም፤ ማታ የት እንዳመሸ የሚጠይቀውም የለም። ለሴት ልጅማ አደጋው የከፋ ነው፤ በዚህ ፍርሃት ብቻ ከትምህርት ቀርታ የምትዳር አለችና። ወላጆች ከአዳሪ ቤት ይልቅ ሊፈሩ የሚገባቸው ይህችን ኪራይ ቤት ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ከቤቱ በእግሩ ተመላልሶ መማር የሚችል ልጅ፣ በተለይ ስምንተኛ ክፍልን እስኪፈጽም፣ ከወላጆቹ ባይለይ እንመርጣለን። ጢሞቴዎስን ያስተማሩት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ናቸው። ከዚያ በኋላ አእምሮው የበረታ፣ ራሱም የፈቀደ ልጅ አዳሪ ቢገባ አንቃወምም። ወላጅ ግን አስቀድሞ ሄዶ ይጠይቅ፦ ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማነው? ልጁ ቢታመም ወይም ቢበደል ለማን ይናገራል? በዐቢይ ጾም የጾም ወጥ ይሠራልን? እሑድ ቅዳሴ እንዲያስቀድስ ይፈቀድለታልን? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለ ጾማቸውና ስለ ሶላታቸው ይህንኑ መጠየቃቸው የተገባ ነው። ከቆላ ወጥቶ ጣርማ በርን ለሚሻገር ልጅ ደግሞ ጋቢና ብርድ ልብስ አይረሳ።

የመንገዱም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰውን ጥፋት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱን ያየ ወላጅ፣ መንገድ ቢዘጋ ልጄ ከማን ጋር ይሆናል ብሎ ቢያስብ ፈሪ አይባልም። ልጁ በሚማርበት ከተማ አንድ የታመነ ዘመድ ወይም የክርስትና አባት ይኑረው፤ ስልኩንም ልጁና ትምህርት ቤቱ ይያዙት።

ለካህናት የምናሳስበው ደግሞ ይህ ነው። በሸዋ ሮቢት ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው፣ ቤታቸው ሰፊ የሆነ ምእመናን አይጠፉም። የሰበካ ጉባኤ ከገጠር ለሚመጣው ተማሪ ስንቁን ይዞ የሚያድርበትን እንዲህ ያለ ቤት ቢፈልግ፣ የገጠሩ ቄስ ለልጁ፣ የከተማው ቄስ ለቤቱ ምስክር ቢሆኑ ወጪው ብዙ አይደለም። ለሴቶች ልጆች እናት ያለችበት ቤት ይመረጥ። ይህም ምክክር በነሐሴ ቢጀመር መልካም ነው፤ መስከረም ከገባ በኋላ ልጆቹ ክፍል ተከራይተው ይገኛሉና።