ስለ ጫትና ስለ ተማሪ አእምሮ

በዲላና በጌዴኦ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጻፈ ምክር

ወዳጄ ተማሪ ሆይ፤ ይህ ትምህርት አንተን ለመውቀስ አልተጻፈም። ጫት የሚቅመውን ሁሉ «ሰነፍ ነው፥ ክፉ ነው» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስድብ ሰውን ከጫት ሲመልስ አላየንም። ስለዚህ አስቀድመን «ተማሪ ስለ ምን ይቅማል?» ብለን እንጠይቃለን። የበሽታውን ምክንያት ያላወቀ መድኃኒቱን አያገኝምና። የምንናገረውም ሁሉ ለወንድም ለሴትም ተማሪ ነው።

1ኛ፤ ስለ ምን ይጀመራል?

በዲላ ቢሆን፥ በወናጎ ቢሆን፥ በይርጋ ጨፌም ቢሆን፥ የሚቅመው ተማሪ የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንዱ «ለፈተና ሌሊቱን ነቅቼ እንዳጠና ነው» ይላል። ሁለተኛው «ጓደኞቼ በርጫ ሲቀመጡ ብቻዬን እንዳልቀር ነው» ይላል። ሦስተኛው ግን ዝም ይላል፤ የዝምታውም ትርጓሜ «ልቤ ከብዶኛል፤ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ልርሳው» ማለት ነው።

የፈተናው ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። በጥር ወር ውጤቱ በተነገረ ጊዜ፥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፍርሃት ጥሩ አማካሪ አይደለም፤ የፈራ ሰው ፊት ለፊት ያገኘውን ሁሉ ይይዛልና።

የልብ ክብደቱም እንዲሁ ምክንያት አለው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን ግጭት ተነሥቶ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች የነበሩት ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ቤት ሲቃጠል ያየ፥ ዘመድ ያጣ፥ በመጠለያ ያደረ ልጅ፥ ዕድሜው ቢጨምርም ያየውን ሁሉ አይረሳም። በሌሊት ደንግጦ ቢነቃ ወይም በትንሽ ነገር ቢቈጣ፥ ይህ የቈሰለ አእምሮ ምልክት እንጂ የነውር ምልክት አይደለም።

2ኛ፤ ቅጠሉ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው

በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህን ንጥረ ነገር የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ከቅጠሉ ለይቶ አወጣው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ደስታንና ንቃትን የሚሰጠውን ኃይል በአንድ ጊዜ ያፈስሰዋል። የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፥ የምግብን ፍላጎት ይዘጋል፥ እንቅልፍንም ያባርራል። ቅጠሉ ከተቈረጠ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን ካቲኖን ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ነጋዴዎቹ ጫቱን እንዳይደርቅ ጠቅልለው መኪናቸውን በፍጥነት የሚነዱት ስለዚህ ነው።

የቃመ ሰው በመጀመሪያ ይመረቅናል፤ ንግግሩ ይበዛል፥ ሐሳቡም ሁሉ የተቃና ይመስለዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ምርቃናው ይወርዳል፤ በስፍራውም ድብርት፥ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይገባሉ። እንቅልፍ ሲመጣም ዱካክ ይከተለዋል። ምርቃናውን ለመስበር ብሎ አረቄ የሚጠጣ አለ፤ ይህንም ጨብሲ ይሉታል። እንግዲህ በአንድ ቅጠል የጀመረው ተማሪ ሁለተኛውን ልማድ ሳያስብ ጨመረ ማለት ነው፤ በበርጫውም ላይ ሲጋራ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። አዘውትሮና አብዝቶ የሚቅም ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በሰው ሁሉ ላይ ያለ ምክንያት መጠራጠርና የሌለ ድምፅ መስማት እስኪጀምር ይደርሳል።

ምናልባት «ጫት በአገራችን ሕግ አልተከለከለም፤ ታላላቆችም ይቅማሉ» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕግ አልከለከለውም፥ የሚቅምም ሁሉ አያብድም። ነገር ግን የሰው አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ግድም እየተሠራ የሚኖር ነውና፥ በአሥራ ስድስት ዓመት የተያዘ ልማድ ጠልቆ ይገባል። መጠጥንና ትምባሆን በሚመለከት ግን ሕጉ ግልጥ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሁለቱም እንዳይሸጡ ይከለክላል።

3ኛ፤ የእንሰት ምሳሌ

የጌዴኦ ገበሬ በአንድ መሬት ላይ ከላይ ታላላቅ ዛፎችን፥ በመካከል እንሰትን፥ ከእንሰቱም ጋር ቡናን አስማምቶ ያኖራል። ይህ የእርሻ ጥበብ በዓለም ዘንድ ተደንቆ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። አንተም የዚህ ገበሬ ልጅ ነህና ምሳሌውን ታውቀዋለህ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ችግር ያስጨነቀው ሰው ሳይደርስ ቢቈርጠው የሚያገኘው ቆጮ ጥቂት ነው፤ ለሚመጣውም ዓመት የሚተማመንበት አይኖረውም።

ለፈተና ብሎ ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ተማሪ እንዲሁ ነው። ሰው በቀን የተማረውን አንጎሉ በሌሊት፥ በእንቅልፍ ጊዜ፥ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይተኛ ዘንድ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሁለት ተማሪዎች ነገ የሒሳብ ፈተና አለባቸው እንበል። አንዱ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አጥንቶ ተኛ። ሁለተኛው ቅሞ እስኪነጋ ገጽ ሲገልጥ አደረ። ጠዋት የሁለተኛው ደብተር ብዙ ተገልጦአል፤ ነገር ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ሆዱ ባዶ ነው፥ ሌሊት ግልጥ የነበረውም ቀመር በፈተናው ወረቀት ፊት ይጠፋበታል። የነገውን ብርታት ዛሬ ማታ ቈርጦ በልቶታልና።

4ኛ፤ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሀ) ጥናትህን ከፈተናው ሳምንት በፊት ጀምር። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያጠና ሰው ሌሊት የሚያነጋበት ምክንያት አይኖረውም። ያልገባህን ነገር ለይተህ ጻፈውና መምህርህን ጠይቅ፤ ሁለትና ሦስት ሆናችሁም እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ተናግረህ ያስረዳኸው ነገር ካነበብኸው ይልቅ ይቈያልና።

ለ) ወደ በርጫ ስትጠራ አጭር መልስ ይኑርህ። «እኔ አልቅምም» በል፤ ረጅም ምክንያት አታብዛ፤ ምክንያት ሲበዛ ክርክር ይመጣል። ነገር ግን እንቢ ብሎ ብቻውን በቤት የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይጸናም። ስለዚህ በዚያው ሰዓት የምትሄድበት ሌላ ስፍራ አዘጋጅ፤ ኳስ ሜዳ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይሁን፥ ወይም አባትህን በቡናው ማሳ እርዳው።

ሐ) የከበደህን ነገር ለአንድ ሰው ንገር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለእናትህ፥ ለታላቅ ወንድምህ ወይም ለምታምነው መምህር «እንቅልፍ አጣሁ፥ ፈራሁ» ብለህ ተናገር። ኀዘኑ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ፥ ምግብና ትምህርት ቢያስጠላህ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂድ፤ የአእምሮ ሕመም እንደ ወባ ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ ግን ለነገ አታቈየው፤ በዚያው ቀን ለሰው ንገር፥ ብቻህንም አትሁን። ጓደኛህም እንዲህ ያለ ነገር ቢነግርህ አትሳቅበት፥ ምሥጢር ነው ብለህም ዝም አትበል፤ ከእርሱ ጋር ሆነህ ወደ ታላቅ ሰው ሂድ።

መ) አስቀድመህ ጀምረህ እንደ ሆነ ተስፋ አትቍረጥ። በተውህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፥ ብስጭት፥ ክፉ ሕልምና ሐራራ ይመጣሉ፤ ይህ ሰውነትህ እየተመለሰ እንደ ሆነ ምልክት ነው፥ እየቀነሰም ይሄዳል። ትቅምበት የነበረውን ሰዓትና ስፍራ ለውጥ፤ ለጫት የምታወጣውንም ገንዘብ ለምታምነው ሰው አስቀምጥ። በጫቱ ስፍራ አረቄን አታስገባ። አንድ ቀን ብትሰናከል በነገታው ደግመህ ጀምር። ሐራራው ቢበረታብህ ሐኪም አማክር።

5ኛ፤ ለወላጆችና ለመምህራን

በጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገርን ከሰሙ በኋላ ይፈርዳሉ። በልጃችሁም ላይ እንዲሁ አድርጉ። በኪሱ ቅጠል ያገኛችሁ ቀን፥ ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት «ምን አስጨነቀህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከቤት የተባረረ ልጅ የሚቀበለው የበርጫ ቤት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፤ እሳቱ ትንሽ ሳለ አንድ የርኅራኄ ቃል ያጠፋዋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ለብዙ ሰው ድካም ይሆናል።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ተማሪ ጫት የሚጀምርባቸው ሦስቱ ምክንያቶች ምንድር ናቸው? በሰፈርህ የምታየው የትኛውን ነው?
2. ሌሊቱን በጫት ያነጋ ተማሪ ሳይደርስ ከተቈረጠ እንሰት ጋር የሚመሳሰለው በምንድር ነው?
3. ልብህ ሲከብድ የምትነግረው ሰው ማን ነው? ስሙን ዛሬ በደብተርህ ጻፍ፤ እስከ እሑድም ሄደህ አነጋግረው።