የየኔታ ወንበር

የዲዛይን ተማሪዎች ነንና ወንበር መሥራት ቀላል ይመስለን ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ መተማ ዮሐንስ ስንመለስ፥ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቆመው ለሚያስተምሩን የኔታ አንድ ወንበር በሽመል ለመሥራት ተነሣን። የቆላ ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ሊባል የሚችል ስለሆነ ክብደት ይሸከማል።

ነገር ግን የቆረጥነው ለጋውን ነበር፤ ያውም በክረምት። ለጋ ሽመል ስታርች የሚባለው ዱቄት መሰል ምግብ ስለሚበዛበት ነቀዝ ይወደዋል። ቢያንስ 3 ዓመት የሞላውን በበጋ መቁረጥ ይገባን ነበር። ይባስ ብሎ በምስማር መታነው። ሽመል ቁመቱን ተከትሎ ስለሚሰነጠቅ፥ ምስማር ባረፈበት ሁሉ ተተረተረ። (ምስማሩም በኪሳችን ገንዘብ የተገዛ ነበር!) በሁለተኛው እሑድ ወንበሩ ዘመመ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትምህርቱን ጨረሱ፤ እኛ ግን ቀና ብለን ማየት አቃተን።

ለጥር ዕረፍት ስንመጣ፥ ቀደም ሲል ተቆርጦ የደረቀ፥ የበሰለ ሽመል ፈልገን በጠፍር አሰርነው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጋጠሚያውን አጥብቆ ይይዛል። ከፍታውንም በዚህ ጊዜ ከመጽሐፍ አልወሰድንም፤ የየኔታን እግር ከተረከዝ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ለካን፤ 41 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ወንበር 45 ነበር። ለካ እግራቸው መሬት በደንብ አይደርስም ነበር፤ እሳቸውም አልነገሩን።