በፍሬን የሚባክን ቤንዚን

አገራችን ቤንዚን የምትገዛው ከውጭ በመሆኑ አሽከርካሪው ዋጋውን ሊወስን አይችልም። በአንድ ሊትር የሚጓዘውን ርቀት ግን በከፊል ይወስናል። እንዴት? ጥቂት ስሌት እንሥራ።

መጠነ ቁሷ 1200 ኪሎ ግራም የሆነች የቤንዚን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የእንቅስቃሴ ኃይሏ 167 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ፍሬን ተይዞ ስትቆም ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 32 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል፤ ሞተሩ በከተማ ጉዞ ጎማ ለማዞር የሚያውለው ግን ቢበዛ ሩቡን ነው። ስለዚህ መኪናዋ ወደ ቀድሞ ፍጥነቷ ለመመለስ ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር ታቃጥላለች። ሃምሳ ጊዜ እንዲህ ከቆመች አንድ ሊትር ሄደ ማለት ነው! ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታይ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ ያደርጋሉ። በካርቡራተር ዘመን ምክንያት ነበረው። ቤንዚን በኢንጀክተር በሚረጭባቸው መኪኖች ግን ማርሽ እንደገባ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ መርጨቱ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሹ ዜሮ ከሆነ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መቃጠሉ ግድ ነው። ሸክሙም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይህ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከከተማ ውጭ ዋናው ባላጋራ አየር ነው። ተቃውሞው ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ፍጥነትን ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ማሳደግ ተቃውሞውን በ56 በመቶ ይጨምራል። ባዶ ፖርቶመጋላም የራሱን ያክላል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ደግሞ ሲንከባለል እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት የተገዛው በቤንዚን ነው።