ከፍሎ ሃይማን ሕይወት መምህር ምን ይማራል?

በትምህርት ቤት የመረብ ኳስ ቡድን ሲመረጥ ቀድመው የሚጠሩት ረጃጅሞቹ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቁመት ያላት ልጅ ለመምታትም ለመከላከልም ይቀላታል። ታዲያ ስለ ረጅሟ ተማሪ መምህሩ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ይህንንም የአሜሪካዊቷ የፍሎ ሃይማን ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

ፍሎ እ.ኤ.አ. በ1954 በካሊፎርኒያ ተወለደች። በ12 ዓመቷ 1 ሜትር ከ83 ገደማ ስለ ደረሰች በቁመቷ ታፍር ነበር። ቤተሰቦቿና ጓደኞቿ ግን እንድትኮራበትና እንድትጠቀምበት አበረታቷት። በመጨረሻ ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ሆነ። ብሔራዊ ቡድኗ ለ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ቢያልፍም አገሯ ስላልተሳተፈች ዕድሉ አመለጣት። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በ1981 የዓለም ዋንጫ ከ6ቱ ምርጥ ተጫዋቾች አንዷ ተባለች፤ በ1984 በሎስ አንጀለስ የብር ሜዳልያ አገኘች። ከዚያም ወደ ጃፓን ሄዳ ዳይዬ ለሚባለው ቡድን በደመወዝ ተጫወተች።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በማትሱዬ ከተማ ጨዋታ ላይ ተቀይራ ወጥታ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች ወደቀች፤ በዚያው ምሽት በ31 ዓመቷ አረፈች። አስከሬኗ ሲመረመር ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ተቀዶ ተገኘ። መንሥኤው ማርፋን ሲንድረም ይባላል። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ አካልን አያይዞ የሚደግፈውን ሕብረ ሕዋስ ያደክማል። ከሞቷ በኋላ ወንድሟ ቢመረመር እሱም ችግሩ ተገኘበት፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። አስቀድሞ ማወቅ ማለት እንግዲህ ይኸ ነው።

መምህሩ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ምልክቶች፦
ሀ/ ክንዶች ሲዘረጉ ከቁመት መብለጣቸው፣ የጣቶች በጣም መርዘም፣
ለ/ የደረት መሰርጎድ ወይም ወደ ፊት መውጣት፣ የጀርባ መጉበጥ፣
ሐ/ ሩቁን የማየት ችግር፣
መ/ ከቤተሰብ መካከል በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ።

ረጅም ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም እኮ! አንድ ምልክት ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። በሽታውን መለየት የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም። የመምህሩ ድርሻ ምልክቶቹ ተደራርበው ሲያይ ወላጅ አነጋግሮ ተማሪዋን ወደ ሐኪም መላክ፣ ልቧ በአልትራሳውንድ ታይቶ ውጤቱ እስኪታወቅም ከከባድ ልምምድ ማሳረፍ ነው። በተለይም በልምምድ መካከል «ደረቴን አመመኝ» ወይም «አዞረኝ» የምትለውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ወደ ሜዳ መመለስ አይገባም። ተማሪዋን ከሜዳ ከማሰለፋችን በፊት ደኅንነቷን እንጠይቅ።