ለሆሳዕና ዳገት ስንት ቁጥር?

መልስ ሰጪው በሆሳዕና ዲናሞ በመጠቅለል ዕድሜያቸውን የገፉ አዛውንት ናቸው። ጠያቂያቸው ወጣት መምህር ሲሆን፣ አሮጌ ብስክሌቱ ላይ የኋላ ጎማ ሞተርና ባትሪ አስገጥሟል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይቺ ብስክሌት አስቸገረችኝ። ፔዳሉን ገና ስነካው ተፈናጥራ ትሄዳለች። ዳገት ላይ ደግሞ የእገዛውን ቁጥር 5 አድርጌ እንኳ ታቃስታለች።

አዛውንቱ፦ እስቲ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሳልኝ። ቁጥር 1 ላይ አድርገህ ፔዳሉን በአንድ ጣትህ አዙር።

ወጣቱ፦ ይኸው። ጎማው ወዲያው ተፈተለከ፤ ፍጥነቱ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ደርሶ ቆመ።

አዛውንቱ፦ እየገፋህ ያለኸው በጣትህ ነው እኮ። አሁን ከፔዳሉ አክስል ጎን ያለችውን ጥቁር ክብ ፕላስቲክ ተመልከት። ዙሪያዋን የተሰኩት ማግኔቶች ናቸው፤ ቁጠራቸው።

ወጣቱ፦ 12 ናቸው።

አዛውንቱ፦ ፔዳሉ ሲዞር በዚህች ሴንሰር ፊት ያልፋሉ። ሴንሰሯ የምታውቀው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ነው፤ በምን ያህል ጉልበት እንደረገጥክ አታውቅም። ያማሃ በ1986 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን የፔዳል እገዛ ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ የእግርን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር ነበር የገጠመለት። ሰውየው የሰጠውን ያህል ሞተሩም ይጨምርለታል። ያ ሴንሰር ውድ ነው። ባንተ ብስክሌት ላይ ስለሌለ ልኩን በሴቲንግ የምትሰጠው አንተው ነህ።

ወጣቱ፦ ከ1 እስከ 5 ያለው ቁጥር ልክ አይደለም እንዴ? 1 ትንሽ፣ 5 ብዙ?

አዛውንቱ፦ የምኑ ትንሽ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን ባለበት አሠራር ቁጥሩ የሚወስነው ፍጥነትን ነው። በቁጥር 1 ስትነሳ ሞተሩን የሚያዘው ኮንትሮለር ያለ የሌለ ጉልበቱን ይለቃል፤ 12 ሲደርስ ይቆርጣል። ቧንቧውን ሙሉ ከፍቶ ባልዲው ሲሞላ እንደ መዝጋት ነው። አንተ የምትፈልገው ግን ቧንቧውን በልኩ መክፈት ነው፤ ቁጥር 1 ትንሽ ጉልበት፣ ቁጥር 5 ሙሉ ጉልበት እንዲሆንልህ።

ወጣቱ፦ ይቀየራል?

አዛውንቱ፦ ኮንትሮለርህ ኬቲ የሚሉት ነው፤ ይቀየራል። መጀመሪያ ግን ሴቲንጉ ውስጥ አሁን ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ካልገባህ ነገር ደግሞ እጅህን ሰብስብ፤ በተለይ የሞተሩን ዓይነትና የጎማውን መጠን የሚነግሩትን አትንካ። ፒ3 የሚለውን ፈልግ። 0 ከሆነ ቁጥሮቹ ፍጥነትን ይቆጣጠራሉ፤ 1 ስታደርገው ጉልበትን ይቆጣጠራሉ።

ወጣቱ፦ አዎ፣ 0 ነበር። 1 አደረግሁት።

አዛውንቱ፦ ቀጥሎ ሲ5ን እይ፤ የኮንትሮለሩ የአምፒር ጣሪያ ነው። 10 ሙሉ ነው፤ 3 ብታደርገው በግማሽ ይወርዳል። ባትሪህ 36 ቮልት፣ ኮንትሮለርህ 15 አምፒር ነው፤ ሲባዛ 540 ዋት ይሆናል። ለሜዳማ አገር ቢሆን ቀንሰው እልህ ነበር፤ እዚህ ግን ዳገቱ ስለሚፈልገው 10 ላይ ተወው። ሲ14 የእገዛውን ብርታት በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ መካከለኛው 2 ይበቃሃል።

ወጣቱ፦ ዳገቱስ? ትምህርት ቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ማታ ስመለስ ሽቅብ ነው። ፍጥነቴ ሲወርድ ቁጥሩን እጨምራለሁ፣ እሷ ግን ይብሳታል።

አዛውንቱ፦ ይሄን በደንብ ስማኝ፤ የተቃጠለ ዲናሞ ሲከፈት የሚሸተውን ሽታ ስለማውቀው ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበት እየተሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር ከበላው ኃይል ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጎማውን አንስተህ በቁጥር 5 አዙረው፤ ባዶውን ስንት ይሄዳል?

ወጣቱ፦ 30።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ግማሹ፣ 15፣ ድንበርህ ነው። በሙሉ ጉልበት ከ15 በታች ከወረድክ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙ ድርሻው ሽቦውን ያሞቃል። ሙቀቱ የሽቦውን ቫርኒሽ ይጎዳዋል። ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶችም ፕላስቲክ ከሆኑ ሙቀትና ሸክም ተደምሮ ይበላቸዋል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ ቁጥሩን ዳገቱ ሳይጀምር ጨምር፣ ፍጥነትህ ገና ሳለ። ወዲያው ማርሽህን አቅልልና በእግርህ ቶሎ ቶሎ ርገጥ። ማርሹ የሚያግዘው እግርህን ነው፤ ሞተሩ ጎማው ውስጥ ስለሆነ በካቴናው አይጠቀምም። በዳገት የሚደሰተው እግርህ ፍጥነቱን ሲጠብቅለት ነው። ያም ሆኖ 15ን መያዝ ካቃተህ ቁጥሩን ወደ 1 አውርድ። ካልሆነም ውረድና ግፋ። ሰው ፍጥነቱ ሲወርድበት ነው ወደ 5 የሚጨምረው፤ ሞተሩ የሚቃጠለውም ያን ጊዜ ነው። ወጥተህ ስትጨርስ የሞተሩን ቆብ በእጅህ ዳስሰው፤ እጅህን ማቆየት ካልቻልክ አሳርፈው።

ወጣቱ፦ ከፍታውስ አይጎዳትም? ሞተር ሳይክሎች እዚህ ይደክማሉ ይባላል።

አዛውንቱ፦ ሆሳዕና 2200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ግን አየር አይስብም፤ ጉልበቱ ባለበት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። እኔ ግን እዚህ አገር ለመምህሩና ለነጋዴው ቶሎ የሚደርስለት ይሄ ያንተ ዓይነቱ ነው እላለሁ፤ በአግባቡ ከተያዘ።

ወጣቱ፦ ቅዳሜ በእሷ ዱራሜ ድረስ ብሄድስ? ወላጆቼ እዚያ ናቸው።

አዛውንቱ፦ ባትሪህ 10 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ36 ስታባዛው 360 ዋት ሰዓት። አንተና ብስክሌቷ ከነዕቃው 100 ኪሎ ብትሆኑ፣ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሙቀት የሚባክነውን ስትጨምር 40 በለው። የሐምበሪቾ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ነው አይደል? ከሆሳዕና ከፍታ እስከ እሱ ራስ 800 ሜትር ነው ብንል፣ ስምንት ጊዜ 40፣ 320። በእግርህ ሳታግዝ ባትሪው እዚያው አለቀ ማለት ነው። ለዱራሜም በአንጋጫ በኩል የምትወጣቸውን ዳገቶች ከፍታ ደምር። ሜዳውን በቁጥር 1 ወይም 2 ሂድ፤ በቁልቁለቱ 0 አድርገው። እንዲህ ያለው ሞተር በቁልቁለት ባትሪ አይሞላም። ቻርጀሩን ይዘህ አንጋጫ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት መሙላት ከቻልክ ሂድ፤ ካልቻልክ በመኪና ሂድ።

ወጣቱ፦ ገባኝ። ገበያ ቀን ሰው መሃልስ በስንት ልሂድ?

አዛውንቱ፦ በ0። ሴንሰሯ ፔዳሉ መቆሙን እስክታውቅ ሞተሩ ለአፍታ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ያቺ አፍታ ሕፃን ፊት ላይ ታደርስሃለች። ፍሬን ስትይዝ ሞተሩን የሚቆርጠው ሽቦ የታለ?

ወጣቱ፦ የፍሬን እጀታው ከዕቃው ጋር መጥቶ ነበር። ገጣሚው «አያስፈልግም» ብሎ ተወው።

አዛውንቱ፦ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ አምጣው፣ እኔው እገጥመዋለሁ። ስንጨርስ ጎማውን አንስተን፣ በቁጥር 5 እያዞርን አንዱን ፍሬን ብቻ ለስለስ አድርገን እንይዛለን፤ ፍሬኑ ጎማውን ገና ሳይነካው ሞተሩ መቆረጥ አለበት። ከዚያ ሌላኛውን። እስከዚያ ድረስ ባትሪውን ነቅለህ በእግርህ ብቻ ንዳት።