ኮሚዩኑ የሰፈር ማኅበርን ይደጉማል?

ጥያቄ፦ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አንባቢ ለልጆች የማታ ጥናት የሚያዘጋጅ ማኅበር አላቸው። የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የሚንኳኳው በር ከአንድ በላይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ጅቡቲ ከተማን ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሚዩኖች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከፈላት፤ በ2006ም ምክር ቤቶች ተመረጡ። ይሁን እንጂ የኮሚዩኖቹ ኪስ በአብዛኛው የሚሞላው መንግሥት ከሚያስተላልፈው ገንዘብ ስለሆነ፣ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ አዳራሽ ወይም የሰው ኃይል መጠየቅ ይቀላል።

ሁለተኛው በር በ2008 የተቋቋመው የጅቡቲ ማኅበራዊ ልማት ኤጀንሲ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በካርቲየ 7 ለተካሄደው የከተማ ድህነት ቅነሳ ፕሮጀክት አስፈጻሚው እሱ ነበር። መንገድና መብራት ብቻ ሳይሆን የነዋሪው ተሳትፎም የፕሮጀክቱ አካል ነበር።

በየሰፈሩ ያሉት የማኅበረሰብ ልማት ማዕከላትም ለማታ ጥናት ክፍል ለመጠየቅ ቅርብ ናቸው።

ለንጽጽር ያህል፣ በኢትዮጵያ መንገዱ ለየት ይላል። አዋጅ 1113/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ አቋቁሟል፤ ከፈረሱ ድርጅቶች የሚገኝ ሀብትም ወደዚያ ይገባል።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ፣ ማኅበሩ የትኛውንም በር ቢያንኳኳ አስቀድሞ ሕጋዊ ምዝገባውን ቢጨርስ ይመረጣል። መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና የአንድ ዓመት በጀት በእጁ ይኑሩት። ማመልከቻው ስንት ልጆች፣ በየትኛው ቤት፣ በሳምንት ስንት ምሽት እንደሚያጠኑ፣ የመብራቱ ወጪ በጅቡቲ ፍራንክ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ያሳይ።