የሴሊያክ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ እንዲሁም በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ሰፈሮች እንጀራ የሚሸጡ ሱቆች በርካታ ናቸው። ገዢው «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ድብልቅ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ዋጋውና ጣዕሙ ነው። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለበት ሰው ግን የጥያቄው መልስ የጤና ጉዳይ ነው። እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ ካለበት አንጀቱን ይጎዳዋል፤ መኖሩን ደግሞ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ሰው ሳያውቀው ከሚበላው ግሉተን የሚጠብቅ መድኃኒት ለማግኘት ልዩ ልዩ ሙከራዎች ተካሂደዋል። በዚህ ጽሑፍ የበሽታውን ጠባይ፣ መድኃኒቶቹ የታለሙበትን መንገድ፣ በተለይም መሥራት አለመሥራታቸው የሚፈተንበትን ዘዴ እንመለከታለን።

በሽታው ምንድን ነው?

ግሉተን የስንዴ ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርግ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው፤ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች በገብስም ይገኛሉ። የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ስንዴ ከምግባቸው ሲወጣ የታመሙት ሕፃናት እንደሚያገግሙ አሳይተዋል።

በግሉተን ውስጥ ፕሮሊንና ግሉታሚን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ስለሚበዙ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ሙሉ በሙሉ ሊሰባብሩት አይችሉም። የተረፉት ቁራጮች የአንጀቱን ሽፋን አልፈው ሲገቡ ትራንስግሉታሚኔዝ 2 የተባለው የሰውነት ኢንዛይም ግሉታሚኑን ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይለውጠዋል። የተለወጠው ቁራጭ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 በተባሉት በዘር የሚወረሱ ሞለኪውሎች ላይ አጥብቆ ይያያዛል። በዚህ ጊዜ ቲ ሴሎች ቁራጩን እንደ ጠላት ቆጥረው ይነሣሉ። በውጤቱም ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል የትንሹ አንጀት ዘንጎች፣ ማለትም ቪላይ፣ እያጠሩ ይሄዳሉ። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሕፃናት ዕድገት መጓተትና በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ይከተላሉ።

ጤፍ እያለ መድኃኒት ለምን?

የተረጋገጠው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መታቀብ ነው። በዚህ ረገድ አገራችን ታላቅ ሀብት አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕሙማንን ቲ ሴሎች የሚቀሰቅስ ነገር እንዳላገኙባቸው አስታውቀዋል።

ይሁን እንጂ ጤፍ ንጹሕ ሆኖ ገበታ ላይ መድረሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በወፍጮ ቤት ስንዴ በተፈጨበት ድንጋይ ጤፍ ይፈጫል፤ ወጪ ለመቀነስም ሌላ እህል ይደባለቃል። ዳቦ፣ ቂንጬ፣ በሶና የገብስ ቆሎ የዘወትር ምግቦቻችን ናቸው፤ ጠላም ብዙ ጊዜ ገብስ አለበት። በአንድ ትሪ በሚበላበትና ጉርሻ መመለስ እንደ ንቀት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሕመምተኛው ሁልጊዜ መጠንቀቁ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የብዙዎቹ መድኃኒቶች ዓላማ እንደ ልብ ዳቦ ማስበላት ሳይሆን በስሕተት ከሚገባ ጥቂት ግሉተን መከላከል ነው።

የታሰቡት መንገዶች

ከላይ የተመለከትነው የበሽታው ሂደት በየደረጃው ሊቋረጥ ይችላል። ላቲግሉቴኔዝ ግሉተንን በጨጓራ ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም ነው። ላራዞታይድ የአንጀት ሴሎች መጋጠሚያ እንዳይላላ ለማድረግ የታለመ ነው። ዜድኢዲ1227 ትራንስግሉታሚኔዝ 2ን ያግዳል። ኔክስቫክስ2 ደግሞ ቲ ሴሎች ግሉተንን እንዲለምዱ ለማድረግ የተዘጋጀ መርፌ ነበር።

ፕላሴቦ ያስተማረው

መድኃኒቱ ወስዶ የተሻለው ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት መሻሉን በምን እናውቃለን? ለዚህ ሲባል ተሳታፊዎች በዕጣ ይከፈላሉ። ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ በመልክ የሚመስለውንና ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለውን ፕላሴቦ ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሆነ ሐኪሙ እስከ መጨረሻው አያውቁም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የላቲግሉቴኔዝ ሙከራ የዚህን አስፈላጊነት በግልጽ ያሳያል። 494 ሕሙማን ተሳተፉ። ኢንዛይሙን የወሰዱት ሰዎች ቪላይ ተሻሻለ፤ ፕላሴቦ የወሰዱትም እንዲሁ ተሻሻለ። በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። ለዚህ የሚሰጠው ዋነኛ ማብራሪያ፣ በሙከራ ውስጥ መሆናቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ምግባቸው ይበልጥ ይጠነቀቃሉ የሚል ነው። የማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ የጥንቃቄው ፍሬ ለመድኃኒቱ በተቆጠረ ነበር።

ይህን ችግር ለማለፍ ተመራማሪዎች የተመጠነ ግሉተን መስጠትን ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው የዜድኢዲ1227 ሙከራ፣ በሽታቸው በአመጋገብ የተረጋጋላቸው ሰዎች ለ6 ሳምንታት በየቀኑ 3 ግራም ግሉተን ወሰዱ። የቪላይ ቁመት በሥራቸው ላለው ጉድጓድ ጥልቀት ተካፍሎ ሲለካ፣ በፕላሴቦ ቡድን በአማካይ 0.61 ሲቀንስ 100 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ የቀነሰው 0.13 ብቻ ነበር። ጉዳቱ በእጅጉ ቀነሰ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ሕመምተኛን አውቆ ለሚጎዳው ነገር ማጋለጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ስለሆነም መጠኑና ጊዜው ይገደባል፤ ተሳታፊው ሊደርስበት የሚችለው ሁሉ ተነግሮት በፈቃዱ ይገባል፤ በማንኛውም ሰዓትም ማቋረጥ ይችላል።

ሁሉም ጥረት ለፍሬ አልበቃም። የኔክስቫክስ2 ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የላራዞታይድ ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ደግሞ በ2022 የሚጠበቀውን ጥቅም ስላላሳዩ ተቋርጠዋል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

እንዲህ ያለ ሙከራ በከተማችን ቢካሄድ «ጤፍ ብቻ ነው የበላሁት» የሚለው ቃል ብቻውን አስተማማኝ መረጃ አይሆንም፤ ተናጋሪው ባይዋሽም እንጀራው ሊዋሽ ይችላልና። በሽንትና በሰገራ ውስጥ የግሉተን ቁራጮችን የሚለይ ምርመራ መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

በሽታው ይኖርብኛል ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ ደግሞ ከምርመራ በፊት ስንዴ ማቆም የለበትም። ግሉተን ከቆመ በደም ውስጥ ያሉት ፀረ አካላት ይቀንሳሉ፤ አንጀቱም ስለሚያገግም ምርመራው በሽታውን ሊስት ይችላል። በአንጻሩ በሽታው የሌለበት አብዛኛው ሰው ስንዴን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ2017ቱ ሙከራ የፕላሴቦ ቡድን ባይኖር ኖሮ ምን ዓይነት የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደረስ ነበር?
2. ዜድኢዲ1227 የበሽታውን ሂደት የሚያቋርጠው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?
3. በሰፈራችሁ ጤፍ ከእርሻ ተነሥቶ ገበታ እስኪደርስ በየትኞቹ ቦታዎች ከስንዴና ከገብስ ጋር ሊቀላቀል ይችላል?